ስንዴ ካድሬ አይሰማም

«ስለ ዘር ልንጽፍ ነው» ሲባል የሚደነግጥ አንባቢ አይጠፋም። አገራችን ውስጥ ይህ ቃል ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ የፖለቲከኛ መሣሪያ ከሆነ ሰነባብቷል። እኛ ግን ዛሬ ቃሉን ለባለቤቱ እንመልሳለን። የምንጽፈው ስለሚዘራው ዘር ነው፤ ስለ ስንዴው፣ ስለ ገብሱ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አገሩን ስለሚያለብሰው በቆሎ። «ከፖለቲካ ልትሸሹ ነው እንዴ?» የሚለን ካለ መልሳችን አጭር ነው፦ ወዴት ተሸሽቶ! ባለፈው ክፍለ ዘመን ሰዎች ስለ ስንዴ ዘር እውነቱን በመናገራቸው ታስረዋል፣ ተረሽነዋል፣ በረሃብ ሞተዋል። ከእነሱ መካከል ትልቁ ደግሞ የኢትዮጵያን ማሳ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር።

የሰውየውን ታሪክ የምንተርከው ለትዝታ አይደለም። መንግሥት ምን ያህል ምርት እንደተገኘ፣ የትኛው ዘር እንደሚሻል፣ የትኛው ዘዴ እንደሠራ በሹመት መወሰን ሲጀምር ምን እንደሚከተል ከዚህ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ ስለሌለ ነው። ነገሩም የሩሲያ ብቻ አይደለም።

በቅሎ ጭኖ የመጣው ሩሲያዊ

ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1919 ዓ.ም. ነው። ያኔ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ አስጠርተውም ስለ ሩሲያ አብዮት ጠይቀውታል። እሱ ግን አብዮት ሊሰብክ አልመጣም። በቅሎዎቹን አስጭኖ አንኮበርን፣ የዓባይን ዳርቻና የጣናን አካባቢ አይቶ እስከ አስመራ ሲጓዝ ይሰበስብ የነበረው የስንዴና የገብስ ዛላ፣ የጤፍና የኑግ ፍሬ ነበር።

ለምን? ቫቪሎቭ አንድ ትልቅ ሐሳብ ነበረው። አንድ ሰብል ከሁሉም በላይ ዓይነቱ በዝቶ የሚገኝበት አገር፣ ሰብሉ የተወለደበት ወይም ለረጅም ዘመን ያደገበት አገር ነው ብሎ ያምን ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ጥቂት ማዕከላትን ለየ፤ አንዱ የእኛው ደጋ ነው። አያቶቻችን በአንድ ማሳ ላይ ጥቁሩንም ነጩንም፣ ባለጢሙንም ጢም አልባውንም ስንዴ ደባልቀው ሲዘሩ የውጭ ሰው ኋላ ቀርነት ይመስለው ይሆናል። ቫቪሎቭ ግን ሀብት አየበት። በሽታ ቢመጣ አንዱ ዓይነት ቢወድቅ ሌላው ይቆማል፤ ዝናብ ቢያጥር አንዱ ቢደርቅ ሌላው ያፈራል።

ሐሳቡ ባዶ እንዳልነበረ ኋላ ታይቷል። የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጨው ቫይረስ ባስቸገረ ጊዜ፣ የሚቋቋመው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የአንድ ደጋ ገበሬ ጎተራ የአሜሪካን ማሳ አዳነ ማለት ነው።

ቫቪሎቭ እንዲህ እያለ አምስት አህጉራት አዳርሶ ሌኒንግራድ ውስጥ በሚመራው ተቋም ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና አከማቸ። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የዘር ክምችት በዓለም ላይ አልነበረም። ዓላማው አንድ ነበር፤ ረሃብን በዘር ማሸነፍ።

አሥር ዓመት ወይስ ሁለት ዓመት ተኩል?

እዚህ ላይ ትሮፊም ሊሴንኮ ይገባል። የዩክሬን ገበሬ ልጅ ነው፤ ለስታሊን መንግሥት ይህ ብቻውን እንደ ዲግሪ የሚቆጠር ነበር። ስሙን ያስጠራው የስንዴን ዘር አርጥቦ በቅዝቃዜ አቆይቶ የመዝራት ዘዴ ነው። ዘዴው በራሱ አዲስም ሐሰትም አልነበረም። ሐሰቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊሴንኮ ጂን የሚባል ነገር የለም፣ ሰብል እንደ ሰው በአስተዳደግ ይለወጣል፣ የተለወጠውንም ለልጁ ያወርሳል አለ። ስንዴ ወደ አጃ ሊለወጥ ይችላል እስከ ማለት ደረሰ።

ጥያቄው እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አሸነፈ የሚለው ነው። መልሱ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የሶቪየት መንግሥት አዳዲስ የሰብል ዝርያዎች በአራትና አምስት ዓመት ውስጥ እንዲደርሱ አዘዘ። እነቫቪሎቭ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጃል አሉ። የዘር ማሻሻል ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ስንፍና እንዳልሆነ ይረዳል። መጀመሪያ ማዳቀል፣ ከዚያ ልጅና የልጅ ልጁን እያዩ መምረጥ፣ ከዚያ በተለያየ ቦታና በተለያየ ዓመት ዘርቶ ከነባሩ ዘር ጋር ማወዳደር ይጠይቃል። ስንዴ ደግሞ የሚያፈራው በራሱ ጊዜ ነው። ሊሴንኮ ግን ተነስቶ «እኔ በሁለት ዓመት ተኩል አደርሳለሁ» አለ።

እንግዲህ ራሳችሁን በአለቃው ወንበር ላይ አስቀምጡ። የገበሬውን መሬት በግድ ወደ ኅብረት እርሻ አስገብታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1932 እና 1933 ሚሊዮኖች በረሃብ አልቀዋል። አንዱ ሊቅ አሥር ዓመት ይላችኋል፣ ሌላው ሁለት ዓመት ተኩል። ማንን ትሾማላችሁ?

ሊሴንኮ ማስረጃውን ያገኝ የነበረበትን መንገድ ደግሞ ልብ በሉ። በወጉ የተወዳደረ ሙከራ አልነበረውም። ይልቁንስ ለኅብረት እርሻ ኃላፊዎች የሚሞላ ቅጽ ይበትን ነበር። ኃላፊው «ምርት ጨመረ» ብሎ ቢሞላ ይመሰገናል፤ «አልጨመረም» ብሎ ቢሞላ አሻጥረኛ ተብሎ ሊታሰር ይችላል። ታዲያ ምን ይሙላ? ቅጹ ሁሉ «ጨመረ» እያለ ወደ ሞስኮ ተመለሰ። ሳይንሱም በዚያው «ተረጋገጠ»።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሊሴንኮ ስታሊን በተገኘበት ስብሰባ ላይ የመደብ ጠላት ሳይንስ ውስጥም እንዳለ ሲናገር፣ ስታሊን ራሱ አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ስንዴ መሆኑ ቀረ። የሜንዴልንና የሞርጋንን ስም መጥራት ስድብ ሆነ። በእኛ አገር የ1960ዎቹ ማብቂያ ቋንቋ ብንመልሰው «አድኃሪ» እና «ፀረ አብዮት» እንደ ማለት ነው። ወላጆቻችን ትርጉሙን አይጠይቁንም።

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። ሊሴንኮ እ.ኤ.አ. በ1938 የግብርና ሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ ዕፅዋት ሲሰበስብ ተያዘ። ፍጅልንና ጎመንን አዳቅሎ አዲስ ተክል የፈጠረው ባልደረባው ጆርጂ ካርፔቼንኮ በ1941 ተረሸነ። ቫቪሎቭም ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ቅጣቱ ወደ ሃያ ዓመት እስር ተለወጠለትና ጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የሰው ልጅ እንዳይራብ ዓለምን የዞረው ሰውዬ ሰውነቱ በረሃብ አልቆ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ሕዝቧ ይረግፍ ነበር። የቫቪሎቭ ባልደረቦች የዘር ክምችቱን እየጠበቁ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በረሃብ ሞቱ። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠር የሩዝ ጥቅል ተከብቦ ሞተ፤ አንዱንም አልቀመሰም። መንግሥታቸው «የሕዝብ ጠላት» ያለውን ሰው ሥራ በሕይወታቸው ጠበቁት።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1948 ሊሴንኮ ሪፖርቱ በፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ መጽደቁን ለአካዳሚው ስብሰባ አበሰረ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ጄኔቲክስ በአንድ ታላቅ አገር ውስጥ ታገደ። መጻሕፍት ተሰበሰቡ፣ ቤተ ሙከራዎች ተዘጉ፣ በርካታ ተመራማሪዎች ተባረሩ። ሊሴንኮ ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ያጣው ክሩሽቼቭ ከወረደ በኋላ በ1965 ነው።

ልማዱ ወደ እኛ ሲመጣ

አሁን ወደ አገራችን። ሊሴንኮ የሞተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1976 ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ በምዕራብ ጀርመን ድጋፍ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ዶ/ር መላኩ ወረደ መሩት። ደርግ ከሞስኮ ብዙ ነገር ሲቀዳ የሊሴንኮን ትምህርት አልቀዳም፤ ጊዜው አልፎበት ነበር። ስለዚህ ጄኔቲክስ በአዋጅ ታግዶብናል ብለን አንዋሽም። እንዲያውም እነዶ/ር መላኩ በ1977ቱ ረሃብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ሲበላ፣ ሊጠፋ የነበረውን የአገር ዘር እየሰበሰቡ አድነዋል። እናቶች የዘር በቆሎውን ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ሰቅለው ከነቀዝ የሚጠብቁበትን ዕውቀት እንደ ሳይንስ ቆጥረው ከገበሬው ጋር ሠርተዋል። ዶ/ር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የቫቪሎቭ ሐሳብ ቫቪሎቭ በረገጠው አገር ሥር ሰደደ ማለት ይቻላል።

የመጣብን ሌላው ነገር ነው፤ ልማዱ። ማሳ ላይ የሚመለሰውን ጥያቄ በቢሮ የመመለስ ልማድ። የመንግሥት እርሻ ከገበሬው ይሻላል ወይስ አይሻልም? ይህ በሚዛን የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ ተወስኗል። እዚሁ አጠገባችን ብር ሸለቆ ላይ የመንግሥት እርሻ ተቋቋመ። በአገሪቱ የመንግሥት እርሻዎች ከሚታረሰው መሬት ጥቂቱን ይዘው ከማዳበሪያውና ከምርጥ ዘሩ ብዙውን ይወስዱ ነበር፤ ኪሳራቸው ግን አላባራም። የጎጃም ገበሬ ደግሞ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ በሰፈራ መንደርና በአምራች ማኅበርም ተጨናነቀ። «ይህ ነገር አይሠራም» የሚል ጥናት በአደባባይ ማን ያቅርብ? መንግሥቱ ራሱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ፣ ገበሬው ማንንም ሳይጠይቅ በየቦታው ማኅበሩን አፈረሰ። አሥር ዓመት በላይ ሲጠየቅ የቆየው ጥያቄ በጥቂት ወራት ተመለሰ።

ልማዱ የደርግ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጠጥ ቤት ጨዋታ ባለፍነው። ከደርግ በፊት የንጉሡ መንግሥት የወሎን ረሃብ ሸሸገ። ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት ሲያከብር ወሎና ትግራይ ይረግፉ ነበር፤ ለጋዜጠኞች መንገዱ የተከፈተው ከበዓሉ በኋላ ነው። ኢሕአዴግ በ1985 ዓ.ም. 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ባንድ ጊዜ አባረረ፤ ታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ኮሌራ ሲገባ ደግሞ ኮሌራ ማለት አልተፈለገምና «አተት» የሚል ስም ወጣለት። ልብ በሉ፣ አተት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ተሕዋሲው ግን ስሙ ቢቀየርለትም ሥራውን አላቆመም።

ሜንዴል በፍኖተ ሰላም

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ ሁሉ የምሁራን ጣጣ ነው፣ ለገበሬው ምን ይፈይድለታል?» ይሉናል። ስለዚህ ሰፈራችን ያለውን በቆሎ እንይ።

ከባኮ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ የምዕራብ ጎጃምን ማሳ ለዓመታት ሞልቶት ኖሯል። እንዲህ ያለውን ዲቃላ የሚዘራ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ዘሩን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገዛል። ለምን ከራሱ ጎተራ አይዘራም? ከዘራ ማሳው ይዘበራረቅበታላ! አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ባለ ትልቅ ዛላ፣ አንዱ ባዶ ይሆናል፤ ምርቱም ይወርዳል። ተራርቀው የተመረጡ ወላጆች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ይበረታል፤ በሁለተኛው ትውልድ ጂኖቹ እንደገና ይበተናሉ። ይህ ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው ሕግ ነው። ገበሬው የሜንዴልን ስም ላይሰማ ይችላል፤ ሕጉን ግን በየዓመቱ በገንዘቡ ይከፍልበታል።

ሊሴንኮ የካደው ይህንኑ ነው። ለዲቃላ በቆሎ የሚያስፈልገውን ወላጆችን ለይቶ የማርባት ሥራ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ተቃወመ። ውጤቱም ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካ ኋላ ቀርታ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሮስዌል ጋርስት፣ ከአንድ የአዮዋ ዘር ነጋዴ፣ የዲቃላ በቆሎ ዘር መግዛት ሆነ። ሃያ ዓመት የካዱትን ሕግ በዶላር ገዙት።

ታዲያ ዛሬ እኛ ዘንድ ሜንዴልን የሚያስር የለም። የሊሴንኮ ቅጽ ግን አለ። የቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እህታችሁን ወይም ወንድማችሁን ጠይቁ። ስንት ገበሬ ማዳበሪያ ወሰደ፣ ስንት ሄክታር በኩታ ገጠም ተዘራ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ? ዕቅዱ ከላይ ይመጣል፤ ሪፖርቱ ዕቅዱን መምሰል አለበት። ዝቅ ያለ ቁጥር የጻፈ «አፈጻጸሙ ደካማ» ይባላል፤ ከፍ ያለ የጻፈ ይሸለማል። ቁጥሩ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ሲደርስ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይወፍራል። ማንም በክፋት አልዋሸም፤ ሁሉም እንጀራውን ጠበቀ። ሞስኮ የደረሰው ቅጽም የተሞላው እንዲሁ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመራችንን አበሰረ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ስለ ስንዴ ምርታችን የሰጠው ግምት ግን ከመንግሥት ቁጥር በእጅጉ ያነሰ ነበር። የማንኛው ትክክል ነው? ይህን መመለስ የሚችሉት አገሩን የሚያውቁት የራሳችን የግብርና ምሁራን ናቸው። ከእነሱ ስንቱ ነው በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርቦ «ቁጥሩ አልተዋጠልኝም፣ አሠራሩን አሳዩኝ» ሊል የሚችለው? በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ የክልላችን ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ አደባባይ ወጣ። ያንን እጥረት ከሪፖርቱ ላይ ያነበበ ሰው ነበር? ከዚያ በነሐሴ ጦርነት መጣ፤ ፍኖተ ሰላምም በአየር ጥቃት ልጆቿን ቀበረች። ጥይት በሚተኮስበት አገር ደግሞ የሙከራ ማሳ ዞሮ የሚያይ ተመራማሪ አይኖርም።

«በረሃብ አገር ክርክር ቅንጦት ነው»

ከሁሉም የሚከብደው መቃወሚያ ይህ ነው። ሕዝቡ ተርቧል፣ ጊዜ የለንም፣ ሁሉም በአንድ ልብ ይሥራ፣ ተጠራጣሪው ዞር ይበል። ቅን ሰዎችም ይሉታል። እኛ የምንመልሰው ግን ሊሴንኮን የሾመውም ይኸው ክርክር እንደነበር በማስታወስ ነው። አሥር ዓመት ረዘመብን ብለው ሁለት ዓመት ተኩሉን መረጡ፤ ሠላሳ ዓመት አባከኑ። ተጠራጣሪውን ዞር ያደረገ አገር ስህተቱን የሚነግረው ሰው ስለሌለው ስህተቱን የሚያውቀው በሬሳ ቁጥር ነው።

ሳይንቲስት ሁሌም ልክ ነው ማለታችንም አይደለም። ጂናቸው የተለወጠ ሰብሎችን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ወጣ፤ በ2015 ተሻሻለና ላላ፤ በ2018 ቢቲ ጥጥ ተፈቀደ። የጥብቁ ሕግ ጠበቃ የነበሩት ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የተከበሩ ምሁር ነበሩ፤ ሕጉ ይላላ ያሉትም ምሁራን ናቸው። እኛ ከመካከላቸው ዳኛ ልንሆን አንችልም። የምንለው ከሁለቱ አንዱም ወገን በደብዳቤ ዝም እንዳይሰኝ ነው። ሙከራው ይደረግ፣ ውጤቱ ለሁሉም ይውጣ፣ ክርክሩ ከአዳራሹ ወጥቶ በጋዜጣ ይቀጥል።

ስለዚህ ምን እንጠይቅ? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ የሰብል ግምት ቁጥር ከነአሰባሰቡ ይፋ ይሁን፤ የትኛው ማሳ ታጨደ፣ ማን መዘነው፣ ስንት ናሙና ተወሰደ የሚለው ይታወቅ። ሁለተኛ፣ «አልሠራም» የሚል የምርምር ውጤት እንደ «ሠራ» እኩል ይታተም፤ የአዴት ወይም የባኮ ተመራማሪ የወደቀ ዝርያን «ወድቋል» ብሎ ለመጻፍ አለቃ ማስፈቀድ የለበትም። ሦስተኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚመዘነው ቁጥሩ ከማሳው ጋር በመግጠሙ ይሁን እንጂ ከዕቅዱ ጋር በመግጠሙ አይሁን።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ በተለይ ግብርናና ስታቲስቲክስ የምትማሩ፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በተቀዳ ሰንጠረዥ ከመሙላት፣ አንድ ሚዛን ይዛችሁ አንድ ቀበሌ ውረዱ። የመዘናችሁት ቁጥር ከሰንጠረዡ ካነሰ ያነሰውን ጻፉት።